ታድሶ ዘይት ስለሚበላ ሞተር

አንድ ሞተር አርጅቶ መጨስና ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ባለቤቱ ወይም ኃላፊው ገንዘብ አውጥቶ ማሳደሱ የታወቀ ነው። ከታደሰ በኋላ ግን ያው ሞተር ዘይት መብላቱን ሳይተው የቀረ እንደሆነ፣ ይልቁንም ከቀድሞው አብዝቶ የበላ እንደሆነ፣ ነገሩ እንግዳ ይሆናል። አዲስ ፋሻ ገብቶለታል፤ አዲስ ብሮንዚን ገብቶለታል፤ ጓርኒሲዮኑም ሁሉ ተለውጧል፤ ደረሰኙም ይህን ሁሉ ይመሰክራል። ታዲያ ዘይቱ ወዴት ይሄዳል? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ልንመረምር አስበናል። ጥያቄው የመካኒኮች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ የመንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን አውቶሞቢል በአደራ የተሰጠውን ሹም ሁሉ የሚነካ ነውና።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አውቶሞቢሉ ከጋራዥ ሲመለስ ድምፁ አምሮ፣ ጉልበቱ ተመልሶ ይገኛል፤ ሾፌሩም ደስ ብሎት ይረከባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቢያወጣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ያገኘዋል። ወደ ጋራዡ ሄዶ ሲያመለክት የሚሰጠው መልስ «ፋሻው ገና አልተላመደም፤ ትንሽ ታገሡ» የሚል ነው። ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። እውነት ሊሆን ስለሚችል ሰው ይታገሣል፤ አንዱ ወር ሦስት ወር ይሆናል፤ የዋስትናው ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያም ወዲያ የመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት በየሳምንቱ አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር ዘይት በፊርማ ማውጣትን ልማድ ያደርገዋል። የሰራፕታዋ መበለት በነቢዩ በኤልያስ ቃል የተባረከ ማሰሮ ነበራት፤ እንዲህ ያለው በረከት ግን ለሞተር አልተሰጠም።

ወጪውን በሒሳብ እንየው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በየ500 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ቢበላ፣ በዓመቱ 40 ሊትር ይሆናል። ይኸው ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 5 ሊትር ዘይት የሚለወጥለት ቢሆን እንኳ በደንቡ የሚያስፈልገው በዓመት 20 ሊትር ነው፤ እንግዲህ የሚቃጠለው ከሚለወጠው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሾፌሩ አንድ ቀን መለኪያውን ሳያይ ረጅም መንገድ የሄደ እንደሆነ፣ ዘይቱ አልቆ ብሮንዚኑ ይነክሳል፤ ኮሎውም ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ለማሳደሻ የወጣው ገንዘብ በሙሉ በመንገድ ላይ ቀረ።

ደግሞም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት ማስታወቁ የሚታወስ ነው። በአገራችን ያሉት የቤንዚንና የናፍታ ሞተሮች ግን በአንድ ቀን የሚጠፉ አይደሉም። ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ታድሰው አገልግለዋል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይታደሳሉ። ስለሆነም ሞተር የማሳደስ ሥራ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት ያለው ሥራ ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞቹ ጥቂት እንናገር፤ በጋራዥ የሚነገሩት ቃላት አብዛኛዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ በመሆናቸው ለብዙ አንባቢ እንግዳ ናቸውና። ፋሻ የሚባሉት ፒስተኑን በወገቡ የሚከቡት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ የላይኞቹ የቃጠሎውን ግፊት ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ከግድግዳው ላይ ዘይት እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። ቴስታታ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ ነው። ኮሎ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ ሲሆን፣ ብሮንዚን ደግሞ ኮሎው ተኝቶበት የሚዞርበት ልሙጥ ብረት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘይት ፈጽሞ የማይበላ ሞተር እንደሌለ ማወቅ ይገባል። ፒስተን በደረቅ ብረት ላይ ቢመላለስ ወዲያው ይነክሳል፤ ስለዚህ ፋሻዎቹ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እጅግ የሳሳ የዘይት ልባስ ትተው ያልፋሉ፤ ከዚያም ጥቂቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። የቶዮታ ፋብሪካ ለብዙዎቹ አውቶሞቢሎቹ ባወጣው የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ሊጎድል እንደሚችል ጽፏል፤ የቮልስዋገን ፋብሪካ ደግሞ ግማሽ ሊትር ብሏል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ፋብሪካው ከክርክር ራሱን የሚጠብቅባቸው የመጨረሻ ወሰኖች እንጂ፣ በደህና እጅ የታደሰ ሞተር የሚመዘንባቸው አይመስሉንም።

ልኩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል 1,000 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 1,000 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ቢዞር፣ ጠቅላላው 2,400,000 ዙር ይሆናል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላልና ቃጠሎው 4,800,000 ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ሊትር ዘይት ቢጠፋ፣ በአንዱ ቃጠሎ የጠፋው ከአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ይህም አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ነው። እንግዲህ ደህናውን ሞተር ከመጥፎው የሚለየው በእያንዳንዱ ቃጠሎ የምታመልጥ አንዲት የጤፍ ፍሬ ናትና፣ ይህ ሥራ በዐይን ግምትና በእጅ ዳሰሳ የሚሠራ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሞተሩ ዳግመኛ ይውረድ ከማለት በፊት ግን ዘይቱ በእውነት የሚቃጠል እንጂ የሚፈስ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞተሩን አጥቦ ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ማንጠፍ ምንም ወጪ የለውም። ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ተደፍኖ እንደሆነም ማየት ነው፤ ትንፋሹ የታፈነ ሞተር ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋልና። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ተሞልቶ እንደሆነም እንዲሁ። የእነዚህ መድኃኒት በአንድ ጠዋት የሚፈጸም ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ የወረደ ሞተር ጥቂት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ፣ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከታች፣ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ነው። ሁለተኛው ከላይ፣ በቴስታታው ውስጥ የቫልቩ ዘንግ ከሚመላለስበት ቱቦ ነው። አንዳንድ ጋራዦች የታችኛውን በር በብዙ ድካም ዘግተው የላይኛውን ክፍት ይተዉታል፤ ይኸውም ቴስታታው ደህና ነው ተብሎ የቫልቮቹ አፍ ብቻ ተፈጭቶ ስለሚመለስ ነው። የቫልቩ ዘንግ የሚሄድበት ቱቦ ሰፍቶ፣ በላዩም የሚደፋው ትንሽ የጎማ ቆብ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኖ ሳለ ከታች አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ነገሩን ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። ሲሊንደሩ በአዲሱ ፋሻ ሲጠብቅ የመሳብ ኃይሉ ይጨምራልና፣ በደረቀው ቆብ በኩል ዘይቱን ከበፊቱ አብልጦ ይስበዋል። «ሳይታደስ ይሻል ነበር» የሚሉ ሾፌሮች እንደ አላዋቂ ይቈጠራሉ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይሳሳቱም።

የትኛው በር እንደተከፈተ መንገዱ ራሱ ይናገራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በቤንዚን የሚሠራ አውቶሞቢል በማርሽ ተይዞ ያን ቁልቁለት ሲወርድ፣ የአየሩ በር ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ በብርቱ ይስባል፤ በዚህም ጊዜ ዘይቱ በቫልቩ ቱቦ እየተሳበ ይገባል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር፣ ቤንዚኑ በተረገጠ ጊዜ ብዙ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ወዲያው የጠራ እንደሆነ፣ ጥፋቱ ከላይ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ዳገቱን ሁሉ ሳያቋርጥ እያጨሰ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ የፋሻና የሲሊንደር ነው። ሌሊት ቆሞ አድሮ ጠዋት ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጨስም አብዛኛውን ጊዜ የቫልቩ ቆብ ያረጀበት ነው። የናፍታ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በቤንዚኑ መንገድ አየሩን የሚዘጋ በር ስለሌለው፣ ይህ የቁልቁለት ፈተና ለእርሱ እምብዛም አያገለግልም።

አሁን ወደ ታችኛው በር እንመለስ፤ የሚበዛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነውና። ብራና የፋቀ ወይም ሲፋቅ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ቅባቱ ያልወጣለትና እንደ መስተዋት የለሰለሰ ብራና ቀለም አይዝም፤ ሻካራ ሆኖ የቀረ ብራና ደግሞ ብዕሩን ያደናቅፋል፣ ቀለሙንም ያፈስሳል። ጥሩ ፋቂ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ በእጁ ያውቀዋል። የሲሊንደር ግድግዳም እንደዚሁ ነው። በቶርኖ ቤት ሲሊንደሩ ከሰፋ በኋላ፣ የሚዞር የመሳያ ድንጋይ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰበት እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ረቂቅ ጭረቶች ይተውበታል። ጭረቶቹ ሁለት ጥቅም አላቸው፤ ዘይት ይይዛሉ፤ አዲሱንም ፋሻ እንደ ሞረድ ሆነው ከሲሊንደሩ ክብ ጋር ያስማሙታል። እጅግ ሻካራ ከሆኑ ዘይቱን በብዛት ይይዛሉ፣ ፋሻውንም ቶሎ ይጨርሱታል። ፈጽሞ የለሰለሱ ከሆነ ፋሻው የሚሞረድበት አጥቶ ሳይገጥም ይቀራል፤ ያን ጊዜ ዓመት ቢታገሡት ለውጥ አያመጣም።

ለስላሳነቱና ሻካራነቱ ቢስተካከልም ክቡ የተዛባ እንደሆነ ጥቅም የለውም። የፒስተኑና የሲሊንደሩ ክፍተት በብዙ ሞተሮች የአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቴስታታው በብሎን ሲታሰር ብረቱን ይጎትተዋልና፣ ልቅ ሆኖ ሲለካ ክብ የነበረው ሲሊንደር ከታሰረ በኋላ ትንሽ ይጣመማል። ጠንቃቃ ቶርኖ ቤቶች ይህን ስለሚያውቁ ሲሊንደሩን በሚስሉበት ጊዜ በቴስታታው ምትክ ወፍራም የብረት ሳህን ያስሩበታል። ይህን የሚያደርግ በሌለበት ቢያንስ ብሎኖቹ በተራቸውና በመለኪያ ቁልፍ መታሰራቸውን መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሲሊንደሩ ሳይሰፋ ፋሻ ብቻ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ብዙ ያገለገለ ሲሊንደር ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ፣ ክቡም እንቁላል መስሎ ይገኛል። አዲስ ፋሻ ክብ ነው፤ ክብ ነገር በእንቁላል ውስጥ እንዴት ይገጥማል? የቀድሞው ፒስተን ሳይለወጥ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ፋሻው የሚቀመጥበት ቦይ በልብሶ ስለሚሰፋ፣ አዲሱ ፋሻ በውስጡ እየተንቀሳቀሰ ዘይቱን እንደ ፓምፕ ወደ ላይ ያመላልሰዋል። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ብቻ መጣል ፍርድ አይደለም፤ «በርካሹ ይሠራ» ብሎ ያዘዘው ኃላፊ ድርሻ አለበት።

ፋሻን በመግጠምም ጊዜ ብዙ ስሕተት ይሠራል። አንዳንዱ ፋሻ ላይና ታች አለው፤ ላይኛው ወገን በነጥብ ወይም በፊደል ተጽፎበታል። ተገልብጦ የገባ እንደሆነ ዘይቱን ወደ ታች በመጥረግ ፈንታ እያፈሰ ወደ ላይ ያወጣዋል። የዘይት ጠራጊው ፋሻ በብዙ ሞተሮች ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን፣ መካከለኛው ስፕሪንግ ጫፎቹ ሊገናኙ እንጂ ሊደራረቡ አይገባም፤ ከተደራረቡ ፋሻው ኃይል አጥቶ ዘይት አይጠርግም። ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ ይህ ከውጭ አይታይም።

ከመግጠሙ በፊት ስላለው መታጠብም አንድ ቃል እንናገር። ከመሳያው ድንጋይ የሚቀረው ደቃቅ ዱቄት በጭረቶቹ ውስጥ ይደበቃል። በቤንዚን ወይም በጋዝ ቢያጥቡት ዘይቱ ይሄዳል፤ ዱቄቱ ግን ይቀራል። የሚያወጣው ሙቅ ውኃና ሳሙና በብሩሽ ነው፤ ከዚያም ወዲያው አድርቆ ዘይት መቀባት። ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ቢያሹበት ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው። ይህ ሥራ በጣም ርካሽ ነው፤ ምናልባት ርካሽ ስለሆነ ይሆናል የሚናቀው።

ሞተሩ ታድሶ ከወጣ በኋላ ደግሞ ተራው የሾፌሩ ነው። አዲስ ሞተር እንደ ሕፃን በዝግታ መያዝ አለበት የሚል ሐሳብ በሰፊው ይሠራበታል፤ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ጉዳት አለው። በከፍተኛ ዙር አለማስጮኽ፣ ከባድ ጭነት አለመጫን ይገባል። ነገር ግን ፋሻውን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው በበስተኋላው የሚገባው የቃጠሎ ግፊት ነው፤ ሞተሩ ሳይሠራ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ቢዞር ግፊቱ ስለሚያንስ ፋሻው አይሞረድም፤ በግድግዳውም ላይ ዘይቱ ተቃጥሎ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፍበታል። የሚሻለው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ መንገድ አውጥቶ፣ መካከለኛ ኃይል እየሰጡና መልሰው እየለቀቁ፣ ፍጥነቱን እየለዋወጡ መንዳት ነው። የፋሻው መላመድ አብዛኛው የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው። የሚበላው ዘይት በየጊዜው እየቀነሰ ከሄደ መታገሥ ይገባል። 5,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ምንም ካልቀነሰ ግን ከእንግዲህ «ታገሡ» የሚለውን ቃል መቀበል አይገባም።

አቧራን ሳንጠቅስ ብናልፍ ነገሩ ይጎድላል። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አሉን። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ አንዲት ስንጥቅ ካለችበት፣ በዚያ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ አዲሱን ፋሻና ሲሊንደር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞርዶ ይጨርሳቸዋል። ብዙ ገንዘብ በወጣበት ሞተር ላይ አሮጌውን ቱቦ መልሶ ማሰር የሚያሳዝን ቁጠባ ነው።

ክርክር በተነሣ ጊዜ የሲሊንደሩ ግፊት በመለኪያ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ አየር ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በጠረፍ 12 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 9 ገደማ ቢያሳይ ሊደንቅ አይገባም። ይህን ባለማሰብ ደህናው ሞተር «ግፊት የለውም» ተብሎ ይኮነናል፤ ሐቀኛው መካኒክም ይታማል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ይሻላል። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካልተነሣ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ነው። ይሁን እንጂ የግፊቱ መልካም መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸውና፣ ዘይት ጠራጊው ተሰብሮ እያለ መለኪያው ደህና ሊያሳይ ይችላል።

በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በወረቀት ላይ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ለአንድ ሞተር ማሳደሻ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የግዢ ትእዛዝ፣ የርክክብ ፊርማና ደረሰኝ ይጠይቃሉ። እነዚህ ሁሉ የገንዘቡን ልክ ያሳያሉ እንጂ የሲሊንደሩን ልክ አያሳዩም። አንድ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየከፍታውም በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ስድስት ቁጥር ይወጣል፤ ለአራት ሲሊንደር 24 ቁጥር ነው። በዚህ ላይ የየፒስተኑ ልክ፣ የፋሻው ጫፍ ክፍተት፣ የቫልቩም ዘንግና የቱቦው ልክ ቢጨመር ከአንድ ገጽ አያልፍም። ሞተሩ ሳይዘጋ መካኒኩ ይህን ገጽ ሞልቶ እንዲፈርምበት በውሉ ውስጥ ቢጻፍ፣ የለካ ሰው እንደለካ ይታወቃል፤ ያለካም ቁጥር ከየት ያመጣል? በኋላ ዘይት ቢበላም ሁለቱ ወገኖች በቃል ከመካሰስ ይልቅ ወረቀቱን ገልጠው ይነጋገራሉ፤ በደንብ የሠራው መካኒክ ከሐሜት ይድናል።

በውሉም ላይ የዘይቱ ነገር በቁጥር ይጻፍ፤ ይኸውም ሞተሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በ1,000 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ቢበላ፣ ጋራዡ በራሱ ወጪ ከፍቶ ያሳያል የሚል ነው። ለዚህም ሾፌሩ በበኩሉ መዝገብ መያዝ አለበት። ልኬቱ ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ አውቶሞቢሉ በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ በአንድ ሰው እጅ ይደረግ፤ የተጨመረው ዘይት በሊትር፣ የሄደውም መንገድ በኪሎ ሜትር በዚያው መስመር ላይ ይጻፍ።